ብዕርም አማና ነው



ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ስለ ጽሑፍ ነው። «እኔ ደራሲ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ?» ብላችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴ ነው፤ ለማውራትም የሚያኮራ አይደለም።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነበር። ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የምኖር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሠፈራችን ሴት ልጆቻቸውን ለሥራ ወደ ጂዳና ወደ ቤይሩት የላኩ እናቶች ብዙ ነበሩ። ስልክ ያለው ቤት አልነበረም፤ መገናኛው ደብዳቤ ነበር። ብዙዎቹ እናቶች ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ደብዳቤያቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ያምራል፣ ሰላምታ አበዛለሁ፣ ቃል አሳምራለሁ ተብዬ ተወድጄ ነበር። አንዳንዶቹ ቡና ያጠጡኛል፣ አንዳንዶቹ ሃምሳ ሳንቲም ይሰጡኛል፣ ሁሉም ይመርቁኛል። እኔም ልቤ አበጠ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ከዐስር ሶላት በኋላ አስጠሩኝ። ባለቤታቸው መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለልጄ ጻፍልኝ። አባትሽ ታሟል፣ ሕመሙ የሚድን አይመስልም፣ ሊያይሽ ይፈልጋል፣ ከቻልሽ ድረሺ በላት» አሉኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ኩራዝ አብርቼ ስቀመጥ ነገሩ ለደብዳቤ በጣም አጭር መሰለኝ። እንደ ልማዴ ገጹን በሰላምታ ሞላሁት። ከሰማይ ከዋክብትና ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታ ላክሁላት። የዘመድ አዝማዱን ስም አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ልጅቷን ላለማስደንገጥም በማሰብ፣ «አባትሽም ትንሽ አሞት የነበረ ሲሆን ናፍቆትሽ ጸንቶበት ዓይንሽን ለማየት ይጓጓል» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብላቸው እናትየው አለቀሱ። ደብዳቤው ስላማረ ያለቀሱ መሰለኝ። ወደ ጂዳ በሚሄድ ሰው እጅ ተላከ።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። ልጅቷ ለአባቷ ሹራብና መቶ ሪያል ልካለች። «እኔም ናፍቄያችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ» ትላለች። ሹራቡ ሲደርስ አባትየው ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር።

በዓመቱ መጣች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሲበተን ጠራችኝና ከቦርሳዋ ያንን ደብዳቤ አወጣች። ከመታጠፉ ብዛት ወረቀቱ በመሐሉ ሊቀደድ ደርሷል። አልተቆጣችኝም። ሁለቱን ገጽ ፊቴ ዘርግታ፣ «ወንድሜ፣ እስኪ አሳየኝ፤ አባቴ የጠራኝ በየትኛው መስመር ላይ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «አሠሪዎቼ ላይለቁኝ ይችሉ ነበር፤ እሱን አላህ ያውቃል። ግን ባልመጣ እንኳ በቴሌ አስጠርቼ ድምፁን እሰማ ነበር» አለችና ደብዳቤዋን አጥፋ መልሳ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጽሑፍ የተማርኩት ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የመነጨ ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩ የደራሲዎች ብቻ አይደለም የምለው። ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ ኑዛዜ፣ የዕዳ ውል፣ የትምህርት ቤት ድርሰት፣ በሞባይል የምንልከው መልእክት ሁሉ ጽሑፍ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ የሚሳሳት ሰውም ሊኖር ይችላል።

ብዕር በእምነታችን ያለው ቦታ

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ የወረዱት የሱረቱል ዐለቅ አንቀጾች ንባብን ያዛሉ፣ ብዕርንም ይጠቅሳሉ። ስልሳ ስምንተኛው ሱራ ስሙ ራሱ አል-ቀለም፣ ማለትም ብዕር ነው። ከበድር ዘመቻ በኋላ ከምርኮኞቹ መካከል መጻፍ የሚያውቁት የመዲናን ልጆች ጽሕፈት በማስተማር ነጻ እንዲወጡ መደረጉንም የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል።

ይበልጥ ሊያስገርመን የሚገባው ግን ሌላ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ጽሕፈት ሥራ የሚናገር ነው። ሰዎች ሲበዳደሩ ዕዳው እንዲጻፍ ያዛል፤ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ቃሉን የሚያስጽፈውም ባለ ጉዳዩ ራሱ እንዲሆን፣ ከእውነቱም ምንም እንዳይጎድል ያስጠነቅቃል። እንግዲህ አስቡት፤ ጸሐፊ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ባለ አማና ነው። እኔ የዚያችን እናት ቃል በራሴ ቃል ስለውጥ የጻፍኩት ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን አጎደልኩ። የሰው ቃል በእጄ ላይ እያለ ጎደለ።

ታዲያ እንዴት እንጻፍ? ከዚህ በታች ያሉትን ምክሮች በልምድ ያገኘኋቸው ናቸው። ወጣት ወንድሞችና እህቶች በተለይ ልብ በሉልኝ።

1. ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ

ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ለሳባ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ በሱረቱ ነምል ውስጥ ተወስቷል። ከንጉሥ ወደ ንግሥት የተላከ፣ የአንድን አገር ዕጣ የሚወስን ደብዳቤ ነው። ርዝመቱ ግን ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው። ከማን እንደተላከ ይታወቃል፣ በአላህ ስም ይጀምራል፣ የሚፈለገውን ይናገራል፣ ያበቃል። ንግሥቲቱም አማካሪዎቿን ስትሰበስብ ነገሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት አልተቸገረችም። የተቸገረችው ምን መልስ ልስጥ በሚለው ነበር። የጥሩ ጽሑፍ ምልክቱ ይህ ነው፤ አንባቢው «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ሳይሆን «እንግዲህ ምን ላድርግ?» ብሎ ያስባል።

ስለዚህ ድርሰትም ሆነ ማመልከቻ ስትጽፉ፣ አስቀድማችሁ ለጓደኛችሁ በአፋችሁ ንገሩት። «ልጽፍ የፈለግሁት ይህን ነው» በሉት። በአንድ ትንፋሽ መናገር ካቃታችሁ ነገሩ ገና በልባችሁ አልበሰለም ማለት ነው። ያልበሰለ ነገር ደግሞ በወረቀት ላይ አይበስልም፤ ቆይቶ ይሻግታል እንጂ። ዓረፍተ ነገሩ ከተገኘ በኋላ በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። ስትጨርሱ ተመልሳችሁ፣ «ይህ ነገር በየትኛው መስመር ላይ አለ?» ብላችሁ ፈልጉት።

2. ለማን እንደምትጽፉ ዕወቁ

ሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሰዎችን በሚረዱት ልክ እንድናናግራቸው መምከራቸው ተላልፎልናል። ይህ ምክር ለጸሐፊ ከምንም በላይ ያስፈልገዋል። ተናጋሪ የአድማጩን ፊት ያያል፤ ግራ ሲጋባ ይደግምለታል፣ ሲሰለች ያሳጥርለታል። ጸሐፊ ግን አንባቢውን አያየውም። ስለዚህ በልቡ ሊያስቀምጠው ይገባል።

ለ«ሕዝብ» አትጻፉ። ሕዝብ ፊት የለውም። ለአንድ ለምታውቁት ሰው ጻፉ፤ ለአክስታችሁ፣ ለታናሽ ወንድማችሁ፣ ወይም በመድረሳ አብሯችሁ ለቀራ ጓደኛችሁ። አክስታችሁ የማይገባትን ቃል ስታገኙ አቁሙ። «ተወኩል»፣ «ኢኽላስ»፣ «ፊትና» የሚሉት ቃላት ለእናንተ ግልጽ ናቸው፤ ገና ለሚማረው ወጣትና ለሙስሊም ላልሆነው ጎረቤታችሁ ግን ላይሆኑ ይችላሉ። አንድ ጊዜ በአማርኛ ብታብራሩት የሚቀንስባችሁ ክብር የለም። ከፈረንጅ የመጣውም ቃል እንዲሁ ነው። ቃል የምናውቀውን ያህል ለማሳየት የምንደረድረው ጌጥ ሳይሆን ሰው የምናሻግርበት ድልድይ ነው።

3. የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ስጡ

የትምህርት ቤት ድርሰት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ «ረመዳን ታላቅና የተከበረ ወር ነው። በረመዳን ሁሉም ሰው ይደሰታል።» ውሸት አለበት? የለበትም። ግን አንባቢው ምን አየ? ምንም። አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦

«መግሪብ ሊል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ታናሽ ወንድሜ አንድ ፍሬ ቴምር በመዳፉ ይዞ በር ላይ ይቆማል። እናቴ የሾርባውን ድስት ከፈት አድርጋ ትዘጋለች። ማንም አያወራም። ከዚያ አዛኑ ይሰማል፣ ወንድሜም 'አለ! አለ!' እያለ ወደ ውስጥ ይሮጣል።»

በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ «ታላቅ» የሚል ቃል የለም፣ «ደስታ» የሚልም የለም። አንባቢው ግን ደስታውን ራሱ አገኘው። ሰው በራሱ ያገኘውን ነገር አይረሳም። ስለ ድህነት መጻፍ ብትፈልጉ «ድህነት አስከፊ ነው» ከማለት ይልቅ ያያችሁትን አንድ ቤት፣ አንድ ምሽት፣ አንዲት እናት በድስቱ ውስጥ የጨመረችውን ነገር ጻፉ። የሚስብ ጽሑፍ ምሥጢሩ የቃል ርቀት አይደለም፤ በደንብ ማየት ነው።

4. የአማርኛን ጠባይ ዕወቁ

ቋንቋችን የራሱ ጠባይ አለው። በአማርኛ ማሠሪያው የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ በመሐል ብዙ ነገር ካጨቅን አንባቢው ማሠሪያው እስኪመጣ ሁሉንም በራሱ ተሸክሞ ይቆያል። በየስብሰባው የምንሰማውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦

«የወጣቱን ሥነ ምግባር ከማሻሻል አንጻር ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባቸውን የክትትል ሥራ በተመለከተ፣ በአሁኑ ወቅት እየታየ ካለው ሁኔታ በመነሳት ትኩረት ሰጥቶ መንቀሳቀስ አስፈላጊ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።»

ማን ምን ያድርግ ነው የሚለው? «ከአንጻር»፣ «በተመለከተ»፣ «ሁኔታ»፣ «መንቀሳቀስ» የሚሉትን ስናራግፍ የሚቀረው ይህ ነው፦ «ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከማን ጋር እንደዋለ ጠይቁት።» አጭሩ ዓረፍተ ነገር ድፍረት ይጠይቃል። ምክንያቱም ምንም የሚደብቀው ነገር የለም፤ ትክክል ካልሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ሌላም ነገር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ለዒደል አድሓ የተገዛውን በግ አስባችሁ «በጉ ነገ ይበላል» ብትሉ፣ በጉ ሣር ሊበላ ነው ወይስ እኛ በጉን ልንበላው ነው? ስንናገር ድምፃችን ይለየዋል፤ በወረቀት ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩን ካላስተካከልን አንባቢው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። «አባትየው ልጁን ሲመታው አለቀሰ» ብትሉም ያለቀሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አብዛኛው አንባቢ ልጁ ነው ይላል፤ አባትየው ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የምታገኙት ጽሑፋችሁን አንድ ቀን አሳድራችሁ እንደ ባዕድ ስታነቡት ነው።

አራት ነጥብን አትፍሩት። አንድ ሐሳብ ሲያልቅ አራት ነጥብ ይቀመጥ። አንባቢውም ይተንፍስ።

5. አታሰልቹ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግራቸው ቃላቱ ሊቆጠሩ እስኪችሉ ድረስ የተረጋጋ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ደግሞ በየሳምንቱ ሐሙስ ሰዎችን ይመክሩ ነበር። «በየቀኑ ብታስተምሩን» ሲባሉ እንዳይሰለቹ በመስጋት እምቢ አሉ፤ ነቢዩም ለሶሐቦቻቸው እንዲሁ ያስቡ እንደነበር አስረዱ። ይህን ያሉት ስለ ጠቃሚ ትምህርት ነው። እኛ ታዲያ ስለ ራሳችን ወሬ ምን ያህል ልናስብበት ይገባን ይሆን?

የበስራው ዝነኛ ጸሐፊ አል-ጃሒዝ፣ በ255 ዓመተ ሂጅራ ግድም የሞተው፣ ይህን ጥበብ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ስለ እንስሳት በጻፈው ባለ ብዙ ቅጽ ኪታቡ ውስጥ ከቁም ነገር ወደ ጨዋታ፣ ከጨዋታ ወደ ቁም ነገር ይሻገራል። አንባቢው እንዳይታክት ብሎ ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑንም ራሱ ገልጿል። እናንተም ከሁለት ምክር በኋላ አንድ ታሪክ፣ ከከባድ ነገር በኋላ አንድ ፈገግታ ጣል አድርጉ። ጨዋታው ግን ከነገሩ የወጣ ይሁን፤ ለማሳቅ ብቻ የተለጠፈ ቀልድ አንባቢን ከመንገድ ያስወጣዋል።

6. ቃል ሰብስቡ፣ ከዚያም ሰርዙ

ቃል ያጠረው ወጣት ተስፋ አይቁረጥ። የአሜሪካዊውን የማልኮም ኤክስን ታሪክ ስሙ። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ማሳቹሴትስ ውስጥ በእስር ላይ ሳለ ደብዳቤ መጻፍ ፈለገ። በመንገድ ላይ ንግግር የሚያውቅበት ሰው፣ ብዕር ሲይዝ ግን በልቡ ያለውን ማውጣት አቃተው። ከእስር ቤቱ መዝገበ ቃላትና ወረቀት ለመነ። ከየት እንደሚጀምር ስላላወቀ የመጀመሪያውን ገጽ ከነነጠላ ሰረዙ በእጁ ገለበጠው። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀበት። የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ በማግሥቱም ቃላቱን ማስታወሱን ሲያይ ቀጣዩን ገጽ ቀጠለ። እንዲህ እያለ መዝገበ ቃላቱን ጨረሰ። መብራት ከጠፋ በኋላም ከኮሪደሩ በምትገባው ብርሃን መሬት ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ይኸው ሰው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሐጅ አድርጎ ከመካ የላካቸው ደብዳቤዎች ዓለም ያነበባቸው ሆኑ፤ በአሌክስ ሄሊ አማካይነት የተዘጋጀው የሕይወት ታሪኩም እርሱ በተገደለበት ዓመት፣ በ1965፣ ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። መነሻው በእጅ የተገለበጠ አንድ ገጽ ነበር።

ቃል ከሰበሰባችሁ በኋላ ግን መሰረዝን ተማሩ። ኢማም አል-ቡኻሪ ሶሒሓቸውን ለማዘጋጀት አሥራ ስድስት ዓመት እንደፈጀባቸው ይነገራል። በኪታባቸው ያስገቡት የተደጋገሙትን ጨምሮ ከሰባት ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሐዲሦችን ሲሆን፣ የመረጡት ከመቶ ሺዎች መካከል ነው ይባላል። ከመዘገቡት ይልቅ የተዉት እጅግ ይበልጣል ማለት ነው። እኛ ግን አንዲት ያማረች ሐረግ መሰረዝ እንደ ልጅ ሞት ይከብደናል። እኔ ያንን የከዋክብትና የአሸዋ ሰላምታ ሰርዤው ቢሆን ኖሮ!

7. ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ

ማራኪ መሆን ከእውነተኝነት በኋላ ይመጣል። ሱረቱል ሑጁራት በስድስተኛው አንቀጹ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል፤ ካልተጣራ ሰዎችን ሳናውቅ ጎድተን ልንጸጸት እንደምንችልም ያስገነዝባል። የሰማውን ሁሉ ማውራት ለሰው ውሸት እንደሚበቃውም በሐዲሥ ተነግሯል። ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ አንድ ወሬ በአንድ ደቂቃ ለመቶ ሰው ይደርሳል። ቀድሞ ደብዳቤ ለመላክ መንገደኛ ስንጠብቅ ቢያንስ የማሰቢያ ጊዜ ነበረን። አሁን ያንን ጊዜ ራሳችን መፍጠር አለብን። አንድ ነገር ከመላካችሁ በፊት፦ ይህን ያየ ማን ነው? መቼ ነው የሆነው? ስሙ የተጠራው ሰው ቢያነበው ምን ይላል? ብላችሁ ጠይቁ።

ማለስለስም ልክ አለው። እኛ ሐበሾች መርዶ በድንገት አንናገርም፤ ሰው እንዳይደነግጥ እናስባለን። ይህ ርኅራኄ ነው፣ ልንተወው አይገባም። ነገር ግን ሰውየው ማወቅ ያለበትን ነገር እስኪያጣ ድረስ ካለሰለስን ርኅራኄው ግፍ ይሆናል። ለስላሳ ቃል ምረጡ፤ እውነቱ ግን ከነክብደቱ ይድረስ።

ለወላጆች

ጽሑፍ የሚጀምረው ከቤት ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የወሎ ዑለሞች፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት፣ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ ሕዝባቸውን በሚሰማው ቋንቋ አስተምረዋል። በሐረር በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎች የብዙ ቤተሰቦች ቅርስ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም፣ ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሼህ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት፣ በስንቱ ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ልጆቻችን የዚህ ወራሾች ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከጁሙዓ በኋላ፣ ልጃችሁ ለአያቱ አምስት መስመር ይጻፍ። ያለፈው ሳምንት ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይንገራቸው። ስሕተቱን ሁሉ በቀይ አትሞሽሩበት፤ በመጀመሪያ ያልገባችሁን ጠይቁት። «ይህ ማነው? ከዚያስ ምን ሆነ?» በሉት። ልጁ የፊደል ስሕተቱን ቀስ በቀስ ያርማል፤ አንባቢ እንዳለው ያወቀ ልጅ ግን መጻፍን አይጠላም። ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ምላሱ የተሰናከለበት ቦታ ዓረፍተ ነገሩ የተሰናከለበት ነው። አያቶች በሕይወት እያሉ ደግሞ ታሪካቸው በራሳቸው ቃል ይጻፍ፤ «ይህማ አማርኛው አያምርም» ተብሎ አይታረም።

የኋለኛው ደብዳቤ

ታሪኬን ሳልጨርስ ልተዋችሁ አልሻም። ልጅቷ ወደ ጂዳ ከመመለሷ በፊት እንደገና መጣች። ሌላ ጸሐፊ የምትፈልግ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እርሷ ግን፣ «የእናቴን ደብዳቤ አሁንም አንተ ጻፍ፤ ግን እሷ ያለችውን ብቻ» አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ እናትየው ጠሩኝ። ጎናቸው ተቀምጬ ከአፋቸው እየተቀበልኩ ጻፍኩ፦

«ልጄ፣ አባትሽ የተከለው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። አንድም አልሸጥኩም፤ ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ። ሌሊት ሌሊት ጉልበቴን ያመኛል፤ አትስጊ፣ እሄድበታለሁ። ኮኩን ስበላ አንቺን አሰብኩ።»

«ጨረስኩ» አሉኝ። ወረቀቱ ገና ባዶ ነበር። እጄ ሰላምታ ሊጨምር ቃጣው፤ ተውኩት። አጥፌ ሰጠኋቸው።

በመልሷ ላይ ገንዘብም ሹራብም አልነበረም። «እማዬ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ድምፅሽን ሰማሁት» ትላለች የመጀመሪያዋ መስመር።

ውድ አንባብያን፣ መልካም ጽሑፍ ማለት ይኸው ነው። ዛሬም አንድ ነገር ጽፌ ስጨርስ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አስታውሳለሁ። ጽሑፌን ፊቴ ዘርግቼ፣ «አባትየው የተጣራው በየትኛው መስመር ላይ ነው?» እላለሁ። ካላገኘሁት እንደገና እጀምራለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ብዕር አንሱና ለምትወዱት ሰው አራት መስመር ጻፉ። አላህ (ሱ.ወ.) ብዕራችንን ለመልካም ያድርግልን፤ ከማጉደልም ይጠብቀን። አሚን።